ከሐዋሳ በሞያሌ ወደ ኬንያ፦ የአሥር ቀን ጉዞ ደረጃ በደረጃ

ሐዋሳ ላይ ስለ ኬንያ ጉዞ ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚጀምረው ከቦሌ ነው። አዲስ አበባ ይኬዳል፣ አውሮፕላን ይያዛል፣ ናይሮቢ ይገባል። ግን ከተማችን ውስጥ የሚያልፈው አስፋልት ራሱ ወደዚያው ነው የሚሄደው። ዲላን፣ ሐገረ ማርያምን፣ ያቤሎን አልፎ ሞያሌ ይደርሳል። ከሞያሌ ማዶ ማርሳቢትንና ኢሲዮሎን ይዞ ናይሮቢ ይገባል። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የታሰበው አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል ደጃችን ላይ ነው ያለው።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ በየብስ ሂዱ፣ በአውሮፕላን ተመለሱ፣ ቦታ አታብዙ። ለአሥር ቀን አራት ቦታ ይበቃል፤ ማርሳቢት፣ ሳምቡሩ፣ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ። ማሳይ ማራ የሚባለውን የዱር እንስሳት ሥፍራ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። እሱን እዚህ ውስጥ የጨመረ ሰው ግማሹን ጊዜ መኪና ውስጥ ነው የሚያሳልፈው።

ቀኑን መምረጥ

ኬንያ ሁለት የዝናብ ወቅት አላት። ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይመጣል። ስለዚህ ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት፣ አለዚያም ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። ልጆች ላሏቸው የክረምቱ ዕረፍት ይመቻል። እዚህ ሲዘንብ እዚያ ደረቅ ነው። ደረቅ ማለት ግን ሞቃት ማለት አይደለም። ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሐዋሳ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሐምሌ ላይ ጠዋትና ማታ ጃኬት የግድ ነው።

መነሻችሁን ወይም መመለሻችሁን ከሐምሌ 19 እና ከታኅሣሥ 19 ጋር አታጋጩ። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ሲሆን መኪናም አልጋም እንደሚጠፋ የከተማው ሰው ያውቀዋል።

ወረቀት

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ጊዜ ይኑረው። ከሌላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ጀምሩ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ከዚያ በቀጠሮ በአካል ቀርባችሁ አሻራና ፎቶ ትሰጣላችሁ። ሐዋሳ ላይ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቅርንጫፍ ስላለ አዲስ አበባ ድረስ መድከም አያስፈልግም። ስማችሁ በልደት ምስክር ወረቀቱና በመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰውን የሚያመላልሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ቪዛ ለኢትዮጵያዊ አያስፈልግም። ሁለቱ አገሮች የቆየ ስምምነት አላቸው። ኬንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ለጎብኚዎች የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ጀምራ ነበር፤ በኋላ ግን ለአብዛኛው የአፍሪካ አገር ዜጎች አንስታዋለች። እንዲህ ያለ ደንብ ሊቀያየር ስለሚችል ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት የኬንያን የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

ቢጫዋን የክትባት ካርድ አትርሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዴ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ይቆጠራል። ስለዚህ ድሮ የተከተባችሁ ካርዱን ብቻ ፈልጉ። ሳምቡሩና ሞምባሳ ወባ አለባቸው፤ ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክሩ። ከአንድ ወላጅ ጋር የሚሄድ ልጅ ካለ የልደት ምስክር ወረቀትና የሌላኛው ወላጅ የስምምነት ደብዳቤ ይያዝ።

ገንዘብ

ምንዛሪውን ከባንክ ወይም ፈቃድ ካለው የምንዛሪ ቢሮ አውጡ። በየብስ ለሚሄድ ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአውሮፕላን ትኬት የለመደ ሠራተኛ የመመለሻ ትኬታችሁን ሊጠይቅ ይችላል። በአውሮፕላን ተመለሱ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሞያሌ ላይ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ዘርዛሪ ይከብባችኋል። እሱን ተዉትና ባንክ ግቡ። የሆነ ሆኖ የኬንያን ገንዘብ መልክ ማወቅ ይጠቅማል። አዲሶቹ ኖቶች የወጡት በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ፊታቸው ላይ የናይሮቢው የኬንያታ የስብሰባ ማዕከል ሕንፃ አለ፤ ክቡ፣ ረጅሙ። የጆሞ ኬንያታ ፊት ጎልቶ የሚታይበት አሮጌ ባለ 1,000 ሽልንግ ከሰጧችሁ አትቀበሉ። ያ ኖት ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሞቷል።

በጀት ስታወጡ አልጋና ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ገንዘቡን የሚበላው ፓርክ ነው፤ የመግቢያ ክፍያውና የሳፋሪ መኪናው። የመግቢያው ዋጋ ለኬንያዊና ለውጭ ዜጋ በጣም ይለያያል። የመኪናው ኪራይ ግን አንድ ሰው ቢሆንም አምስት ሰው ቢሆንም ያው ነው። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ብትሄዱ ወጪው በግልጽ ይቀንሳል።

ማዶ እንደገባችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡ፣ ኤም-ፔሳም አስከፍቱ። ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ የተጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ሙዝ የምትሸጥ ሴትም ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ትሰቅላለች። የብሔራዊ ፓርኮቹ መግቢያም ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

ሻንጣ

ፌስታል አትያዙ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ልብሳችሁን በጨርቅ ከረጢት ለዩት። በፓርኮችና በባሕር ዳርቻዎች ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ሁሉ ክልክል ነው። የሃይላንድ ውሃም እዚያው ውስጥ ይገባል፤ የብረት ኮዳ ያዙ።

የኬንያ ሶኬት ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ነው፤ አዳፕተር ግዙ። ስንቅ ከሆነ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ለሚጾም ሰው ስንቁ ያስፈልጋል፤ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤት ረቡዕና ዓርብ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን አትራቡም። ማሃራግዌ ብላችሁ ብትጠይቁ የቦሎቄ ወጥ ይመጣል። ጊዜሪ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ የተቀቀለ ነው። ሱኩማ ዊኪ ደግሞ ያው የእኛ ጎመን ነው። በምን ዘይት እንደተሠራ ብቻ ጠይቁ።

ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ

ርቀቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ከዲላ በታች ያለው መስመር ችግር የነበረበት ጊዜ አለ፤ የዛሬውን የሚያውቁት ትናንት ከዚያ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። መናኸሪያ ሄዳችሁ አንዱን ሳይሆን ሦስቱን ጠይቁ። መልሳቸው ካላማረ ከአዲስ አበባ ብረሩ፤ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ለሰሜን ኬንያ ሌላ ጊዜ ይኖራል።

መንገዱ ሰላም ከሆነ በአንድ ቀን ሞያሌ ልድረስ አትበሉ። ማታ ድንበር ከተማ መድረስ ጥሩ አይደለም። በጠዋት ተነስታችሁ ያቤሎ እደሩ። ዲላ ላይ ለቡና ውረዱ። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ አንድ ላይ የሚያድጉበት ቁልቁለት ከመኪናው መስኮት ይታያል። ከሐገረ ማርያም በኋላ አረንጓዴው ቀስ እያለ ይሳሳል። አፈሩ ቀይ ይሆናል፣ ኩይሳው እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግመል ይታያል።

ያቤሎ ዙሪያ ግራጫ ሰውነት፣ ጥቁር ክንፍና ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ቁራ መሰል ወፍ አለ። በዓለም ላይ ከዚህ አካባቢ ውጪ አይገኝም። ግማሽ ቀን ካተረፋችሁ ኤል ሶድ፣ ማለትም ጨው ቤት ውረዱ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ጨዋማ ሐይቅ አለ። ሰዎች ወርደው ጨዋማውን ጭቃ በእጃቸው ያወጣሉ፣ አህያ ይሸከመዋል። መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ፀሐይ ከበረታ ያደክማል፤ በጠዋት ይሁን።

ድንበሩ

ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት። ሁለቱ መንግሥታት በ2020 እ.ኤ.አ. የጋራ የአንድ ጣቢያ የድንበር አገልግሎት መርቀው ከፍተዋል። እናንተ ማረጋገጥ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ የኢትዮጵያ መውጫ ማኅተም ተመትቷል? የኬንያ መግቢያ ማኅተም ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ስንት ነው? ከመስኮቱ ሳትርቁ ገልጣችሁ እዩት። ማዶና ማዶ ያለው ሕዝብ አንድ ቋንቋ ስለሚናገር ማኅተም ሳያስመታ ገብቶ የሚወጣ ሰው ታያላችሁ። እሱ የአገሬው ሰው ነው። እናንተን ግን ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ፖሊስ ደጋግሞ ፓስፖርት ይጠይቃችኋል።

አፋን ኦሮሞ የሚችል ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። ቦረናው ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ማርሳቢትና ከዚያም ወዲያ ስላለ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ስዋሂሊ ትገፏቸዋላችሁ።

ሰዓቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። አንድ አብሮን የነበረ ልጅ የአውቶቡስ ትኬቱ ላይ 8:00 የሚል አየ። ከሰዓት በኋላ መሰለውና ተኛ። አውቶቡሱ ጠዋት ሄደ፤ ገንዘቡም አልተመለሰለትም። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 8:00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

ደስ የሚለው ግን ስዋሂሊ ተናጋሪው በአፉ የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው። ያንኑ 8:00 ትኬት ቆራጯ በቃሏ «ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ» ትለዋለች። ምቢሊ ሁለት ነው፣ አሱቡሂ ጠዋት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት! ስለዚህ በስዋሂሊ የሰማችሁትን እንዳለ ውሰዱ፣ በቁጥር ያያችሁትን ስድስት ቀንሱ። ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ኔ፣ ታኖ፣ ሲታ እያላችሁ እስከ ስድስት መንገድ ላይ አጥኑ። የምታውቋቸው ቃላትም ያጋጥሟችኋል። ሰሃን ሰሃኒ ነው፣ ስኳር ሱካሪ፣ ሻይ ቻይ። ጋሪ ካሏችሁ ግን ፈረስ አትፈልጉ፤ መኪና ማለታቸው ነው።

ማርሳቢትና ሳምቡሩ

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የጭነት መኪና ቀናት የሚፈጅበት ድንጋያማ መንገድ ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው። ወደ ናይሮቢ በቀጥታ የሚሄዱ የሌሊት አውቶቡሶች አሉ። አትሳፈሩባቸው። ዲዳ ገልገሉን የሚያህል ሜዳ ተኝቶ ማለፍ ያሳዝናል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ አድማስ ተዘርግቶ፣ አልፎ አልፎ አንድ እረኛ ብቻ ይታያል።

ከዚያ በረሃ መሃል ማርሳቢት በድንገት አረንጓዴ ተራራ ሆና ትነሳለች። ጫካው ውስጥ ጉም የሚተኛበት የገነት ሐይቅ የሚሉት አለ። የዚህ ተራራ ዝነኛ ዝሆን አህመድ ይባል ነበር። ጥርሶቹ መሬት ሊነኩ ጥቂት የቀራቸው ነበሩ። አዳኞች እንዳይገድሉት ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ጥበቃ አደረጉለት፤ ጠባቂዎች ተመደቡለት። በ1974 እ.ኤ.አ. በእርጅና ሞተ። ስሙን ያዙት፤ ናይሮቢ ላይ እንገናኘዋለን።

ከማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ ስትወርዱ አርቸርስ ፖስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሳምቡሩ ጥብቅ ሥፍራ መግቢያው እዚያ ነው። እኔ ከጉዞው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ኤዋሶ ንጊሮ ወንዝ ደረቁን ምድር ሰንጥቆ ያልፋል፣ እንስሳው ሁሉ ወደ ውሃው ይመጣል። ሰሜን ኬንያ የሚታወቅባቸው አምስት እንስሳት እዚህ ይታያሉ፦ የመረብ ጥለት ያለው ቀጭኔ፣ ሳላ፣ እግሩ ሰማያዊ የሆነው የሶማሌ ሰጎን፣ በኋላ እግሩ ቆሞ ቅጠል የሚበላው ጌሬኑክ፣ እና የግሬቪ የሜዳ አህያ። የመጨረሻው ስሙን ያገኘው ከእኛው አገር በሄደ ስጦታ ነው። በ1882 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩላቸው። መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ሆዱ ነጭ ነው፣ ጆሮው ክብና ትልቅ ነው። ከተራው ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ሁለት ሌሊት እደሩ። አንዱን ከሰዓት፣ አንዱን ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምራችሁ ዙሩ። ቀትር ላይ እንስሳውም ጥላ ሥር ነው፣ መዞር ነዳጅ ማባከን ነው።

ከኢሲዮሎ ወደ ናይሮቢ በናንዩኪ በኩል የሚያልፍ መኪና ፈልጉና በግራ በኩል ተቀመጡ። 5,199 ሜትር ያለው የኬንያ ተራራ በዚያ በኩል ነው። ጠዋት ካልሆነ ደመና ይሸፍነዋል። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አለ፤ ፎቶ ተነስታችሁ እለፉ።

ናይሮቢ

መኪና በግራ ነው የሚነዳው። መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ማታቱ የሚሉት የእኛው ሚኒባስ ነው። መስኮት ሥር ተቀምጣችሁ ስልክ አታውጡ፤ ነጣቂ አለ።

ለመጀመሪያው ቀን የላንጋታንና የካረንን ሰፈር አንድ ላይ አድርጉት፤ ቦታዎቹ ይቀራረባሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ግቡ። የተመሠረተው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አውራሪስ ሣር ሲግጥ ከጀርባው የከተማው ሕንፃዎች ይታያሉ። ከዚያ ወደ ሼልድሪክ የዝሆን ግልገሎች ማሳደጊያ ሂዱ። ለጎብኚ የሚከፈተው በቀን ለአንድ ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከ5 እስከ 6። አስቀድሞ በኢንተርኔት ካልተመዘገባችሁ አትገቡም። እናታቸው የሞተችባቸው ግልገሎች በትልቅ ጡጦ ወተት ሲጠጡ አጠገባቸው ትቆማላችሁ። ከሰዓት በኋላ የቀጭኔ ማዕከሉ ይበቃል።

በሁለተኛው ቀን ብሔራዊ ሙዚየም። ግቢው ውስጥ ትልቅ የዝሆን ሐውልት ቆሟል፤ አህመድ ነው፣ በቁመቱ ልክ። ማርሳቢትን አይቶ የመጣ ሰው እዚህ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው። ውስጥ ደግሞ በ1984 እ.ኤ.አ. ካሞያ ኪሜው ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ያገኘው፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የቱርካና ልጅ የሚባለው ቅሪተ አካል አለ። ቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከኦሞ ወንዝ ነው። ሉሲን ያየ ሰው ይህንንም ሊያየው ይገባል።

እንጀራ ከናፈቃችሁ ኪሊማኒና ሃርሊንግሃም አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስቴት ሃውስ ጎዳና ላይ ነው፤ ፓስፖርታችሁ ቢጠፋ እንዲጠቅማችሁ ፎቶውን ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።

ሞምባሳ

ወደ ሞምባሳ በባቡር ሂዱ። መስመሩ የተከፈተው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጉዞው አምስት ስድስት ሰዓት ነው። ሁለቱን የጻቮ ፓርኮች መሃል ለመሃል ስለሚያልፍ ዝሆን ከመስኮት ይታያል። በቀን ተሳፈሩ። ትኬቱ ቶሎ ያልቃል፣ በዓልና የሳምንት መጨረሻ ከሆነ ቀድማችሁ ቁረጡ። የናይሮቢው ጣቢያ ከመሃል ከተማ ይርቃል፣ ሻንጣም በውሻ ይፈተሻል። ቢያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ።

ፖርቱጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ ምሽግ ከአሮጌው ከተማ ጋር አብሮ ይታያል። ምሽጉን ጠዋት ጨርሱና በአሮጌው ከተማ ጠባብ መንገዶች በእግር ተጓዙ፤ የእንጨት በሮቹን ቅርጽ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ማታ ላይ ካሃዋ፣ ማለትም ቡና የሚሸጥ ሰው የነሐስ ጀበናውን ይዞ ይመጣል። በትንሽ ሲኒ ነው፣ መራራ ነው፣ ዝንጅብል አለበት።

ለመዋኘት ዲያኒ ይሻላል። በሊኮኒ ጀልባ ተሻግራችሁ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቃችንን የለመደ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ይሸሻል። ጠዋት በር ድረስ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሩቅ ሄዶ አሸዋውና ኮራሉ ባዶውን ይቀራል። ያደራችሁበትን ቤት የውሃውን ሰዓት ጠይቁ። ሲሸሽ ጫማ አድርጋችሁ ኮራሉ ላይ ተጓዙ፣ የባሕር ጃርት እሾህ እግር ይወጋል። ሲመለስ ዋኙ።

መመለሻ

ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ የምትመለሱበትን ባቡርና አውሮፕላኑን በአንድ ቀን አታገናኙ። አንድ ሌሊት ናይሮቢ እደሩ። የተረፈውን ሽልንግ እዚያው ዘርዝሩት፤ ሐዋሳ ላይ ተቀባይ አታገኙለትም። ኤም-ፔሳ ላይ የቀረውንም ከወኪል አውጡ። ቦሌ ቀን ከደረሳችሁ በፍጥነት መንገዱ ወደ ሐዋሳ ወዲያው መቀጠል ይቻላል። ማታ ከደረሳችሁ አዲስ አበባ እደሩና ጠዋት ውጡ።